ክዳኑን የሚያጠብቀው ሌባ

ሰኞ

ከዳቦ ቤት ስመለስ መኪናዋ ዳሽቦርድ ላይ አንዲት ብርቱካንማ መብራት በራች። የሞተር ሥዕል ናት ይላሉ። ለእኔ እጀታ የበቀለባት ድስት ነው የምትመስለኝ። መኪናዋ ግን ምንም አልሆነችም፤ ትነሳለች፣ ትሄዳለች፣ ትቆማለች። ታዲያ ምን ሆንኩ ነው የምትለው?

ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ የማርመው ወረቀት የለም፣ እጄ ሥራ ፈቷል። ምክትል ርዕሰ መምህር ክረምት ሲገባ የሚቆጣው ሰው ያጣል። ስለዚህ ይህን ደብተር ገዛሁ። መኪናዋን እስክጠግን ድረስ የሠራሁትን ሁሉ እጽፍበታለሁ፤ ለሌላ ሰው ትምህርት ይሆናል።

መኪናዋ የልጄ ባል ንብረት ናት። ለሥራ ሌላ ከተማ ሲሄድ ልጄን እኛ ቤት አምጥቶ፣ ቁልፉን እጄ ላይ አድርጎ፣ «አባባ፣ አደራ» ብሎኝ ሄደ። ልጄ ስምንተኛ ወሯን ልትይዝ ነው። ደም ግፊቷ ከፍ ዝቅ ስለሚል ሐኪሟ እኔም ባለቤቴም ባለንበት ቁርጥ አድርጋ ነገረችን። «እግሯ ካበጠ፣ ራሷን ካመማት፣ ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ ካለባት ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት። ለእሷም ለልጁም አደገኛ ነው። በየሳምንቱ ማክሰኞም ልያት።» እኔም «ዶክተር፣ መኪናው በር ላይ ነው፣ ሹፌሩም እኔ ነኝ» አልኳት። ዶክተሯ ቀና ብላም አላየችኝ፤ ትጽፍ ነበር።

ባለቤቴ መብራቷን ስነግራት «ጋራዥ ውሰዳት» አለች። እኔ እያለሁ? የድሮዋን መኪናዬን ጸጉሬ እስኪሸብት ድረስ መካኒክ ሳይነካት ነድቻታለሁ። ስሸጣት ገዢው «ይሄ ሽቦ ምኑን ለማሰር ነው?» ሲለኝ «ሁሉንም» ብዬዋለሁ።

ማታ እንደ ልማዴ የነዳጅ ታንኩን ክዳን ትንሽ አላልቼላት ገባሁ። መኪና መተንፈስ አለባት። የድሮዋ ክዳኗ ከጠበቀ ታፍና ዳገት ላይ ቀጥ ትል ነበር። ይህን ዓይነቱን ነገር መጽሐፍ አያስተምርም።

ረቡዕ

ትናንት ልጄን ለክትትል ወሰድኳት። ደህና ናት። መብራቷ ግን መንገዱን ሙሉ አፈጠጠችብኝ።

ዛሬ ኮፈኑን ከፈትኩ። ሞተር የለም። ይኖራል እንጂ፣ ግን ከላይ ጥቁር ፕላስቲክ ተደፍቶበታል። ፕላስቲኩ የታሰረባቸው ብሎኖች ጭንቅላታቸው ኮከብ ነው። የእኔ መፍቻዎች ሁሉ ኮከብ አያውቁም። አንደኛውን በፒንሳ ይዤ ስጠመዝዘው ኮከቡ ክብ ሆነ። ሁለተኛውም ክብ ሆነ። ከዚያ በእጄ ስስበው ቀጭ ብሎ አንድ ጥርሱ ወለቀ። የማያስፈልግ ጥርስ ነው።

ኮፈኑን ገና ሳልዘጋው የልጄ ባል ደወለ። በዚህ ሰዓት ደውሎ አያውቅም።

«አባባ፣ እንደምን ዋሉ? መኪናዋ ደህና ናት?»

«ምን ትሆናለች?»

«አይ፣ እንዲያው ነው። ኮፈኑ ምናልባት ክፍት ከሆነ ዝናብ እንዳይገባበት ብዬ ነው።»

ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። ደመና ነበር። ግን እሱ የማንን ሰማይ ነው የሚያየው? ባለቤቴ ናት የነገረችው። ስጠይቃት «እኔ ስልኬን ካየሁት ቆየሁ» አለች። ልጄን ስጠይቃት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ጫማዋ አልገባ ብሏት የእኔን ነጠላ ጫማ አድርጋለች። ይመቻታል።

ሐሙስ

ጆሮ መጣ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ጓደኛዬ ነው፤ ሞተርን በጆሮው ስለሚመረምር «ጆሮ» ብለን አወጣንለት። አሁን አንዱ ጆሮው አይሰማም፣ ስሙ ግን አልተቀየረም። ረጅሙን ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ ተክሎ፣ እጀታውን ደህናው ጆሮው ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ።

«ምን አለች?» አልኩት።

«ምንም አትልም።»

«እንዴት ምንም አትልም?»

«ድሮ መኪና ሲያማት ታቃስታለች። ይቺ ትዕቢተኛ ናት፣ መብራት አብርታ ዝም።»

የመመሪያውን መጽሐፍ አወጣን። ትራስ ያክላል። ስለ ብርቱካኗ መብራት የሚለውን ገጽ ፈልጌ አገኘሁ። «ፈቃድ ወዳለው ጋራዥ ይውሰዱ» ይላል። ስለ ኮከብ ብሎኖቹ ፈለግኩ። «ፈቃድ ወዳለው ጋራዥ ይውሰዱ።» ተማሪ እንዲህ ዓይነት መልስ ቢጽፍልኝ ዜሮ ነው የምሰጠው።

ዓርብ

ባለቤቴ ሳትነግረኝ አንድ ጎረምሳ ይዛ መጣች። ባለ ላፕቶፕ ነው። እጁ ላይ የቅባት ምልክት የለም። ኮፈኑን እንኳን አልከፈተም፤ መሪው ሥር አንድ ሽቦ ሰክቶ ስክሪኑን ማንበብ ጀመረ። ሐኪም ምላስ ሳያይ መድኃኒት ሲያዝ እንደማለት ነው።

«ጋሼ፣ ከነዳጅ ትነት ጋር የተያያዘ ነገር ነው የሚያሳየው። ብዙ ጊዜ ይሄ የሚመጣው ከ...»

«ወንድሜ፣» አልኩት፣ «እኔ አንተ ሳትወለድ ነው መኪና መፍታት የጀመርኩት።»

«እሱስ ልክ ነው ጋሼ» አለና የቀረውን ዋጠው።

አንድ ነገር ተጫነ፣ መብራቷ ጠፋች። ምን እንደሠራ አልነገረኝም፤ የማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ከበር ላይ ከባለቤቴ ጋር ብዙ ቆመው አወሩ። እጁን በአየር ላይ ቡሽ እንደሚዘጋ ሰው ሲያሽከረክር አየሁት። ባለቤቴ ራሷን ነቀነቀች፣ ከዚያ እኔ ወዳለሁበት አየች፣ እንደገና ነቀነቀች። ስትመለስ «ምን አለሽ?» አልኳት። «አባትሽ ጎበዝ ናቸው አለኝ።» «አባትሽ?» «መስዬው ነው፣ ምን ላድርግ» ብላ ወደ ኩሽና ገባች።

ማታ ክዳኑን አላልቼ ገባሁ።

ቅዳሜ

ክዳኑ ጠብቆ አገኘሁት። ማታ በገዛ እጄ አላልቼው ነበር። ነዳጅ ሌባ ነው ብዬ ጌጁን አየሁ፤ አልጎደለም። ነዳጅ ሳይወስድ ክዳን አጥብቆ የሚሄድ ሌባ ሰምቼ አላውቅም። ለባለቤቴ ነገርኳት።

«ጨዋ ሌባ ነው» አለች። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ ዓይኗን አላነሳችም።

መልሼ አላላሁት።

ሰኞ

ትናንትም ጠብቆ ነበር። አላላሁት። ዛሬም ጠብቋል። አላላሁት። ከሰዓት መብራቷ በራች። ባለ ላፕቶፑ ያደረገው ሽፋን እንጂ ጥገና እንዳልሆነ ይኸው ተረጋገጠ። ለባለቤቴ «አላልኩሽም?» አልኳት። እሷ «አልከኝ» አለች። የልጄ ባል ወዲያው ደወለ።

«አባባ፣ አንዳንዴ የማደያ ልጆች ነዳጅ ሲሞሉ ክዳኑን በደንብ አይዘጉትም። እስኪ እነሱን ይጠይቋቸው ብዬ ነው።»

ማደያ ሄጄ ልጆቹን በደንብ ተቆጣኋቸው። «እኛ እስኪጮህ ነው የምናጠብቀው» አሉ። «ማን አጥብቁ አላችሁ?» አልኳቸው። ግራ ገባቸው። በዘመኑ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጠፋ።

ሳልረሳ፦ ልጄ ዛሬ ምሳ አልበላችም። ራሴን አመመኝ አለች። የቤንዚን ሽታ ይሆናል፣ ሱሪዬን ውጭ እንዲሰጡት ነገርኩ።

ማክሰኞ፣ ጠዋት

ጆሮ አወቀው። «ይሄ የሞተር በሽታ አይደለም፣ የአእምሮ ነው። ኮምፒውተር ያየውን አይረሳም። እንድትረሳ ማድረግ ነው።» ባትሪውን ነቅለን እናሳድራታለን፤ ባዶ ሆና ትነቃለች። እንዴት እስከ ዛሬ አልመጣልኝም።

ስለዚህ የዛሬው ክትትል ይለፈን አልኩ። ባለቤቴ «ታክሲ እንጥራ» አለች። መኪና በር ላይ አቁሞ በታክሲ? ጎረቤት ምን ይላል? ዶክተሯስ? «መኪናው በር ላይ ነው» ያልኳት ሰው ነኝ። ልጄ ሶፋው ላይ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ነበር። «እማዬ፣ ተዪው። አባዬ ነገ ይጨርሳል፣ ነገ እንሄዳለን። ደህና ነኝ» አለች። ልጄ ሁልጊዜም ታምንብኛለች።

ባለቤቴ ወደ መኝታ ቤት ወስዳኝ በሩን ዘጋች። አንድ ነገር ልትለኝ አፏን ከፈተች። እኔም አየኋት። ዘጋችው። በሩንም ከፍታ ወጣች።

እውነቱን ለመጻፍ፣ ባለቤቴ ነገር ስታነሳ አልወድም። ከዓመታት በፊት «ይሄ አምፖል ማቀፊያ ተዘቅዝቆ ነው የተሰቀለው» ብላኝ አንድ ሳምንት አላናገርኳትም። ይህ ኩርፊያ አይደለም፣ መርህ ነው። ሰው ሥራ ላይ እያለ አይታረምም።

ረቡዕ

ባትሪውን መለስኩ። መኪናዋ ሁሉንም ረስታለች። ሰዓቱን ረስታለች። መስኮቶቹ እስከ የት እንደሚወጡ ረስታለች፤ ግማሽ ላይ ቆመው ዝናብ ያስገባሉ። ሬዲዮው ምስጢር ቁጥር ይጠይቃል። የትውልድ ዘመኔን ሰጠሁት፣ አልተቀበለም። የባለቤቴን ሰጠሁት፣ ተቆልፏል አለ። ብርቱካኗን መብራት ብቻ አልረሳችም።

ከሁሉ የከፋው፣ አትነሳም። ቁልፉን ይዤ እገባለሁ፣ ስክሪኑ «ቁልፉ አልታወቀም» ይላል። «እኔ ነኝ» አልኳት ጮክ ብዬ። ጎረቤት በመስኮት አየኝ። ቁልፉን እየጠራረግሁ ወረድኩ።

የልጄ ባል ደወለ። ድምፁ ልዩ ነበር። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ባትሪው... ማለቴ፣ ምንም ችግር ካለ ከመኪናው ኩባንያ ሰው ልልክልዎ?»

«ችግር የለም።»

«እሷስ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት። ታምንብኛለች።»

 ከዚያ «እኛም እናምንብዎታለን» አለ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን ስለ መኪና አያውቅም።

ሐሙስ

መስኮቶቹን በላስቲክ ሸፈንኩ። ነገ ትነሳለች።

ልጄ ፊቷ አብጧል። ብዙ ስለምትተኛ ነው። እናቷ ጓዳ ገብታ ስትጸልይ ሰማኋት።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ እንውሰዳት» አለችኝ ስትወጣ።

«ነገ በራሷ መኪና ትሄዳለች።»

ልጄ ከሶፋው ላይ «እሺ፣ ነገ» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

ትንሽ ፈራሁ። ፈርቼ ወደ መኪናዋ ሄድኩ።

ዓርብ

ልጄ ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ አለባት። ቁልፉ አልታወቀም ይላል። እናቷ አልጠበቀችኝም፤ ዝናብ ውስጥ ወጥታ የጎመን ጭነት መኪና አስቆመች። ልጄን ደግፈው ከሹፌሩ ጎን አስቀመጧት፣ ባለቤቴ ከጎመኑ ጋር ከኋላ ወጣች። «ሂዱ፣ አስነስቼ እደርስባችኋለሁ» አልኳቸው።

አልታወቀም።

«ትንሽ ቆይተው ይሞክሩ» ይላል። እየቆየሁ ነው የምጽፈው።

አልታወቀም።

ምን እየሠራሁ ነው?

በእግሬ ልሂድ።

እሑድ

ዓርብ ሐኪም ቤት ስደርስ ከላይ እስከ ታች በስብሼ ነበር። በሩ ላይ ያለችው ነርስ «ማነዎት?» አለችኝ።

«አባቷ ነኝ።»

«ታዲያ አብረው አልመጡም?»

 ባለቤቴ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጸጉሯ ላይ የጎመን ቅጠል ነበር። ልነግራት ፈልጌ ፈራኋት። አጠገቧ ተቀመጥኩና «መኪናዋ...» ብዬ ጀመርኩ። እጇን አነሳች። በመዳፏ አስቆመችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ኦፕራሲዮን ካስገቧት በኋላ በሩ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ አላውቅም። በተከፈተ ቁጥር ሁለታችንም እንነሳለን፣ ከዚያ እንቀመጣለን። በመጨረሻ ዶክተሯ ወጣች። ሁለቱም በሕይወት አሉ። ሴት ልጅ ናት። ትንሽ ናት፣ ማሞቂያ ውስጥ አስገብተዋታል። የልጄ ደም ግፊት ገና አልተረጋጋም፣ ግን ተርፋለች። ባለቤቴ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። 

ዶክተሯ ግን አልጨረሰችም። ወደ እኔ ዞር አለች።

«ማክሰኞ ለምን ቀረች? ማክሰኞ አይቻት ቢሆን ኖሮ በመድኃኒት እንይዘው ነበር። እንዲህ ባልደረሰች።»

«መኪናዋን...» አልኩ።

«ምን?»

«ምንም።»

«አባት፣ ጥፋተኛው እርስዎ ነዎት» አለችኝ። እንዲሁ፣ በቀላሉ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። ከዚያ ሌላ ሰው ጠራት፣ ሄደች። እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው ከመቼ ወዲህ እንደሌለ ለማስታወስ ሞከርኩ። አባቴ ይሆን? በትምህርት ቤት ማስታወሻ የምጽፈው እኔ፣ ወላጅ የማስጠራው እኔ። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብዬ በየደብዳቤው የምጨርስ ሰው ነኝ።

ረቡዕ

ልጄ ዛሬ ቀና ብላ ሾርባ ጠጣች። «እንደዚያ እንደሚያምሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ሥራ ላይ ነበርክ፣ አባዬ።»

 ሳትቆጣ ነው ያለችው፣ እሱ ነው የከፋኝ። ወደ መተላለፊያው ወጥቼ አለቀስኩ። ጥበቃው አይቶኝ ወንበር አመጣልኝ።

ሰኞ

የልጄ ባል ከመጣ ወዲህ ሐኪም ቤት ነው የሚያድረው። ዛሬ ከኩባንያው የመጣ ሰው ቁልፉን ከመኪናዋ ጋር እንደገና አስተዋወቃቸው። እኔ ሳሎን መስኮቱን ከፍቼ ተቀምጫለሁ፤ እነሱ እንዳለሁ አላወቁም።

የልጄ ባል ወደ ነዳጅ ታንኩ ዞረና ክዳኑን አሽከረከረው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ባለቤቴ አጠገቡ ቆማለች።

«ማታ ማታ እኔ አጠብቀዋለሁ፣ ጠዋት እሱ ያላላዋል» አለችው። «ያ ባለ ላፕቶፑ ልጅ ሌላ ምንም የላትም፣ ክዳኗ ብቻ ነው ብሎኝ ነበር። እንዴት ብዬ ልንገረው? አፌ ላይ ደርሶ ስንት ጊዜ መለስኩት።»

«እኔም ስልኬ ላይ ይመጣልኝ ነበር» አላት። «ክዳኑ ሲላላ፣ ኮፈኑ ሲከፈት፣ ባትሪው ሲነቀል፣ ሁሉም ይመጣል። አባባን እንዴት ልናገራቸው? ኀፍረት ያዘኝ።»

«ኀፍረታችን ልጃችንን ሊበላት ነበር» አለች ባለቤቴ።

ከመስኮቱ ላይ መነሳት አልቻልኩም። ሌባው ሚስቴ ነበረች። መኪናዋ ምንም አልነበራትም። የታመመው ክዳኑን የሚያላላው እጅ ነው፤ ሲነገረው ስለማይወድ በዙሪያው ያለውን ሰው ሁሉ ዱዳ ያደረገው እጅ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። ለቅልቄያለሁ፣ ማንም ግን መሐረብ አላቀበለኝም፤ ካቀበሉኝ እንደማኮርፍ ያውቃሉ።

የልጄ ባል ሲገባ ፈገግ ብሎ «አባባ፣ መኪናዋ በራሷ ጊዜ ተስተካክላለች» አለኝ።

«በራሷ?»

«አዎ። አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋሉ።»

ይህን ያህል መልካም ልጅ ነው።

ሐሙስ፣ ልጄ ከነልጇ ቤት የገባችበት ቀን

በታክሲ ነው ያመጣናቸው። ታክሲውን የጠራሁት እኔ ነኝ። መኪናዋ በር ላይ ቆማለች፣ ደህና ናት፣ የልጄ ባልም ሊነዳ ይችል ነበር። ግን እኔ መጥራት ፈለግሁ። ጎረቤት አየ። ምንም አላለም።

ራት ላይ አራታችን ተቀመጥን። ሕፃኗ መኝታ ቤት ተኝታለች። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

«ክዳኑን ሰምቻለሁ» አልኩ። «ሌላም ካለ ንገሩኝ። አልቆጣም።»

ማንም አላመነኝም። የልጄ ባል ውኃ ጠጣ። ባለቤቴ ልጄን አየች። ልጄ ግን ሐኪም ቤት ሆና የጠፋባት ነገር አለ፤ የጠፋባት ፍርሃት ይመስለኛል።

«የኩሽናው ቧንቧ» አለች።

«እሱንማ ጠግኜዋለሁ።»

«አንተ የሠራተኞች ስብሰባ በሄድክበት ቀን እማዬ ቧንቧ ሠራተኛ አስጠርታለች።»

«ካውያውስ?»

«ይነዝራል» አለች ባለቤቴ። «ከጎረቤት ነው የምዋሰው።»

«የመጻሕፍት መደርደሪያው?»

«እኔ ነኝ» አለ የልጄ ባል ቀስ ብሎ። «ልጠይቃት በመጣሁበት በመጀመሪያው ቀን። እርስዎ ለስላሳ ሊገዙ ወጥተው ነበር። ሊወድቅብኝ ሲል ደገፍኩት፣ ከዚያ ጠገንኩት።»

«የመጀመሪያው ቀን ነው ያልከው?»

«ለዚህ ነው የወደድኩት» አለች ልጄ።

ከዚህ በኋላ አላቆሙም። ደወሉ። የግድግዳው ሰዓት። የባለቤቴ የስፌት መኪና፣ አምስት ዓመት ሙሉ ተበላሽቷል ብላ ሸፍና ያስቀመጠችው፣ እንዳልነካው ብላ ነው። መሰላሉን ጆሮ እንኳን ያውቃል፤ ቤታችን ሲመጣ አይወጣበትም። ባለቤቴ መጀመሪያ በፍርሃት ነበር የምትናገረው። ቆይታ መሳቅ ጀመረች፣ ከዚያ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ልጄም ሳቀችና «የኦፕራሲዮኔ ስፌት!» ብላ ሆዷን ያዘች። ራቱ ቀዘቀዘ። እኔ አልሳቅኩም።  ሁለት ጊዜ ልነሳ አልኩ፣ ሁለት ጊዜ ወንበሩን ይዤ ተቀመጥኩ። ይህች ቤት የቆመችው እኔ ስለጠገንኳት ነው ብዬ ኖሬያለሁ። እኔ በሌለሁ ጊዜ ተሯሩጠው እያቆሟት ኖሯል።

ሕፃኗ አለቀሰች። ልጄ ልትነሳ ስትል ቀስ በይ ብዬ እኔ ሄድኩ። እስከ ዛሬ ነክቻት አላውቅም፤ በማሞቂያው መስታወት በኩል ብቻ ነው ያየኋት። ከአልጋው አንስቼ ወደ ሳሎን አመጣኋት። ምንም አትከብድም።

«አባዬ፣ እንደዚያ አይደለም» አለች ልጄ።

 ባለቤቴ ሰሃን የምታነሳ መስላ ወደ ኩሽና ልትሄድ ተነሳች። የልጄ ባል ጠረጴዛውን አየ።

«እንዴት ነው?» አልኳት።

«አንገቷን ደግፍ። ክንድህ ላይ አሳርፋት።»

ክንዴን ዝቅ አደረግኩ። ሕፃኗ አሁንም ታለቅሳለች።

«አሁንስ?»

«ትንሽ ወደ ላይ።»

ወደ ላይ አደረግኩ።